የነፋስ ስልክ ወዳጆች፦ የአማተር ሬዲዮ ክበባት በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሁሉ ንፋስ ስልክ የሚባለውን ሰፈር ያውቃል። ስሙ ከየት እንደመጣ ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተረሳ ሄዷል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ በአቃቂ ሊያቆመው የተዋዋለው ትልቅ የሬዲዮ ጣቢያ እስኪጠናቀቅ ድረስ፣ አነስተኛ ጊዜያዊ ማሠራጫ የተተከለው በዚሁ ስፍራ ነበር። ሽቦ ሳይዘረጋለት ቃልን ከአገር አገር የሚያሻግረውን ይህን መሣሪያ ሕዝቡ በራሱ አንደበት «የነፋስ ስልክ» አለው። የአቃቂው ጣቢያ በ1935 ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት በወረራው ዋዜማ ንጉሠ ነገሥቱ የአገራቸውን አቤቱታ ለዓለም ያሰሙት በእርሱ አማካይነት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመንግሥታት ሬዲዮ ታሪክ በየመጽሐፉ ተጽፏል። ከእርሱ ጎን ለጎን ግን ብዙም ያልተነገረለት ሌላ ታሪክ አለ። ይኸውም ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ ንግድ ሳይነግዱ፣ ለሙያው ባላቸው ፍቅር ብቻ በነፋስ ስልክ የሚነጋገሩ ሰዎችና የመሠረቷቸው ክበባት ታሪክ ነው። «አማተር» የሚለው ቃል ራሱ «መውደድ» ከሚል የላቲን ግስ የተገኘ ነው። በአካባቢያችን የእነዚህ ወዳጆች ድምፅ ለምን አንዴ ጎልቶ ሌላ ጊዜ ደግሞ ፈጽሞ ጠፍቶ እንደቆየ መመርመር፣ ስለ ሬዲዮ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳችን ዘመንም ብዙ ያስተምራል።

የጥሪው ሥርዓት

አማተር ሬዲዮ ዘፈቀደ ጨዋታ አይደለም። ባለፈቃዱ በመንግሥት ፊት ተፈትኖ የሬዲዮን ጠባይ፣ የኤሌክትሪክን ሕግና የአጠቃቀሙን ደንብ ማወቁን ማስመስከር አለበት። ከዚያም በዓለም ላይ የእርሱ ብቻ የሆነ የጥሪ ምልክት ይሰጠዋል። የምልክቱ መነሻ አገሩን ያመለክታል። ለኢትዮጵያ «ኢቲ»፣ ለኬንያ «5ዜድ»፣ ለታንዛኒያ «5ኤች»፣ ለኡጋንዳ «5ኤክስ»፣ ለጅቡቲ «ጄ2»፣ ለሱዳን «ኤስቲ»፣ ለኤርትራ «ኢ3» ተብሎ ተመድቧል። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደንብ መሠረት አማተሮች ምሥጢራቸውን ለመደበቅ ሲሉ በስውር ቋንቋ መነጋገር አይችሉም፤ የሚሉትን ማንም ሊያዳምጠው ይገባል።

ግንኙነቱ የሚጀመረው «ሲኪው» በሚል አጠቃላይ ጥሪ ነው። ትርጉሙ «የምትሰሙኝ ሁሉ፣ ማንም ይሁን ማን፣ መልሱልኝ» እንደ ማለት ነው። ይህን ጥሪ ለእኛ ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቡናዋን አቅርባ በደጅ ለሚያልፈው ሁሉ «ኑ፣ ቡና ጠጡ» የምትል ጎረቤት የምታሰማው ጥሪ ዓይነት ነው። መልስ የሰጠው ሰው ስሙን፣ የሚኖርበትን ከተማና ድምፁ ምን ያህል ጠርቶ እንደሚሰማው ይናገራል። ሲሰነባበቱ በቴሌግራፍ ዘመን የተለመደውን «73» የሚል ቁጥር ይለዋወጣሉ፤ «መልካም ምኞቴ ይድረስህ» ማለት ነው። በኋላም እያንዳንዱ የጥሪ ምልክቱ የታተመበትን የማረጋገጫ ካርድ በፖስታ ይልካል። ከሩቅ አገር የመጣ ካርድ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ በእንግዳ ፊትም ይወጣል።

ይህን ማኅበረሰብ ያስተሳሰሩት ክበባት ናቸው። ዓለም አቀፉ የአማተር ሬዲዮ ኅብረት በ1925 በፓሪስ ተመሠረተ። አውሮፓንና አፍሪካን የያዘው የአንደኛው ክልል ድርጅትም በ1950 እዚያው ፓሪስ ተቋቋመ። የየአገሩ ክበብ በዚህ ኅብረት ውስጥ የአገሩን አማተሮች ይወክላል፤ በአገር ውስጥ ደግሞ አዲስ ገቢዎችን ያስተምራል፣ ለፈተና ያዘጋጃል፣ ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ጋር ይነጋገራል።

ከናይሮቢ እስከ አስመራ

በምሥራቅ አፍሪካ በቅኝ ግዛት ዘመን ዋናው መሰባሰቢያ ናይሮቢ ነበረች። በዚያ የነበረው ክበብ «የምሥራቅ አፍሪካ ሬዲዮ ማኅበር» ይባል ነበር። ስሙ የዘመኑን አስተዳደር ይመስላል፤ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንጋኒካ ፖስታና ቴሌግራፋቸው በአንድ የጋራ መሥሪያ ቤት ሥር ነበሩና። የጥሪ ምልክታቸውም አንድ ዓይነት መነሻ ነበረው። ዛንዚባር «ቪኪው1»፣ ታንጋኒካ «ቪኪው3»፣ ኬንያ «ቪኪው4»፣ ኡጋንዳ «ቪኪው5» ይባሉ ነበር። የመጀመሪያዋ ፊደል የብሪታንያን ግዛትነት ታስታውቅ ነበር።

ነፃነት ሲመጣ ፊደሎቹም ተለወጡ። በታኅሣሥ 1963 ኬንያ ነፃ ከወጣች በኋላ የናይሮቢ አማተሮች «5ዜድ4» ብለው መጥራት ጀመሩ። ባንዲራው በዓይን የተናገረውን የጥሪ ምልክቱ በጆሮ ተናገረው። የቀድሞው ማኅበርም ከጊዜ በኋላ የኬንያ ማኅበር ሆነ። ኡጋንዳና ታንዛኒያም የየራሳቸውን ክበብ አቋቋሙ። የሦስቱ አገሮች የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በ1977 ሲፈርስ ብዙ የጋራ ነገር አብሮ ፈርሷል፤ የናይሮቢው ክበብ ግን ስሙን ለውጦ ቆየ። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

በሰሜኑ በኩል ደግሞ ሌላ ዓይነት ታሪክ ነበር። አስመራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ለምድር ወገብም ቀረብ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ለአጭር ሞገድ እጅግ የተመቸች ናት። የጣሊያን የባሕር ኃይል «ራዲዮ ማሪና» የተባለ ጣቢያ እዚያ አቁሞ ነበር። በ1943 የአሜሪካ ጦር ተረከበው፤ በኋላም በኮሪያ በዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ስም «ቃኘው ጣቢያ» ተባለ። በግቢው ውስጥ አሜሪካውያኑ ወታደሮችና ሠራተኞች «ኢቲ2ዩኤስ» የሚል የጥሪ ምልክት ያለው የአማተር ክበብ ነበራቸው። በዚያን ጊዜ «ኢቲ2» ኤርትራን፣ «ኢቲ3» የቀረውን የኢትዮጵያ ክፍል ያመለክት ነበር።

ዘመኑም ለሬዲዮ የተመረጠ ዘመን ነበር። አጭር ሞገድ ከአድማስ ወዲያ የሚሻገረው ከምድር በላይ ባለው አዮኖስፌር በሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ላይ እየነጠረ ነው። ይህን ክፍል የሚያጠናክረው የፀሐይ ኃይል ሲሆን፣ ኃይሉ በ11 ዓመት ገደማ ዑደት ከፍና ዝቅ ይላል። በ1957 እና በ1958 የታየው የፀሐይ ነቁጦች ብዛት ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ነው። በእነዚያ ዓመታት በጥቂት ዋት ኃይልና በአንድ ዘንግ አንቴና ከአፍሪካ አሜሪካ መነጋገር የሚያስገርም አልነበረም። ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት የተከበረውም በዚሁ ወቅት ነው፤ አዲስ አበባም በማግኔታዊው የምድር ወገብ አጠገብ በመሆኗ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ የተቋቋመላት ያኔ ነው። ተፈጥሮ በበኩሏ ለዚህ አካባቢ አንዳች አልነፈገችም።

የአገሮች መዝገብ

የአሜሪካ የአማተሮች ማኅበር በ1930ዎቹ የጀመረው፣ እስከ ዛሬም የሚጠበቅ አንድ መዝገብ አለ። ከ100 አገሮች ጋር መነጋገሩን በካርድ ያረጋገጠ አማተር የክብር ወረቀት ይሰጠዋል። «አገር» የሚባለው ምን እንደሆነና ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚቆጠር የሚወስነው ይኸው መዝገብ ነው። የተዘጋጀው ለውድድር እንጂ ለታሪክ ባይሆንም፣ የአካባቢያችንን ስሞች አውጥቶ የሚያነበው ሰው የአፍሪካ ቀንድን የፖለቲካ ታሪክ በአጭሩ ያገኘዋል።

የብሪታንያ ሶማሊላንድና የጣሊያን ሶማሊያ ሁለቱም ሰኔ 30 ቀን 1960 ላይ ያበቃሉ፤ በማግሥቱ ሁለቱ ተዋሕደው የሶማሊያ ሪፐብሊክ ሆነዋልና። የዛንዚባር መቆጠር ያበቃው ግንቦት 31 ቀን 1974 ነው፤ ከታንጋኒካ ጋር ከተዋሐደች 10 ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው። ከኤርትራ ጋር የተደረገ ግንኙነት እስከ ኅዳር 14 ቀን 1962 ድረስ ይቆጠራል፤ ፌዴሬሽኑ የፈረሰበት ቀን ነው። ከዚያ ለ28 ዓመታት ከግማሽ ያህል ባዶ ሆኖ ይቆይና፣ ግንቦት 24 ቀን 1991 ላይ እንደገና ይጀምራል። የደቡብ ሱዳን ነገር ደግሞ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። አንደኛው በ1972 ከአዲስ አበባው ስምምነት በኋላ ተጀምሮ በ1994 መጨረሻ የተዘጋው «ኤስቲ0» ነው። ሁለተኛው ነፃዋ ደቡብ ሱዳን በተባበሩት መንግሥታት አባልነት ከተመዘገበችበት ከሐምሌ 14 ቀን 2011 ጀምሮ የሚቆጠረው «ዜድ8» ነው።

እነዚህ ቀኖች ለሩቅ አገር አማተር የነጥብ ጉዳይ ናቸው። ለእኛ ግን እያንዳንዱ ቀን በስተኋላው ጦርነት፣ ስደትና የተለያየ ቤተሰብ አለበት። የመዝገቡ ሰዎች ግን ይህን በደረቅ ቁጥር ሲያሰፍሩ አንዱን ወገን ደግፈው ሌላውን አልነቀፉም። ከሁሉም ወገን የመጣ ካርድ፣ ቀኑ ልክ ከሆነ፣ በእኩል ተቀባይነት አለው።

የዝምታው ዘመን

በ1974 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከወደቀ በኋላ የኢትዮጵያ ድምፅ በአማተር ሞገዶች ላይ እጅግ ብርቅ ሆነ። ቃኘው ጣቢያ በ1977 ተዘጋ፤ ክበቡም አብሮ አከተመለት። በዚያው ዓመት የኦጋዴን ጦርነት ተቀሰቀሰ፣ በኤርትራም ውጊያው ተፋፍሞ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ በጣራው ላይ ረጅም ሽቦ የዘረጋ፣ ሌሊት ከማያውቀው የውጭ ሰው ጋር በነጥብና በሰረዝ የሚነጋገር ሰው በመንግሥት ዘንድ በጥርጣሬ መታየቱ የማይቀር ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ጥርጣሬው ከባዶ የመነጨ ነው ማለት አይቻልም። ቃኘው ራሱ የሌሎችን የሬዲዮ መልእክት ለማዳመጥ የቆመ የስለላ ጣቢያ ነበር። ከሥራ ሰዓት ውጭ የነበሩት ወታደሮች በትርፍ ጊዜያቸው ለዓለም ሰላምታ የሚያሰሙት፣ ቀን ቀን ምሥጢር ሲለቅሙ በሚውሉበት ግቢ ውስጥ ነበር። የአማተሩ ክበብ ከስለላው ጋር የተያያዘ ሥራ ባይኖረውም፣ ከውጭ ለሚያየው ሰው ሁለቱን መለየት ቀላል አልነበረም። በዚህም የተነሣ ማንም እንዲሰማው ተብሎ በግልጽ ቋንቋ የሚደረግ ንግግር በስውር ከሚደረገው ጋር አብሮ ተኮነነ።

ይሁን እንጂ የዝምታው ምክንያት ጥርጣሬ ብቻ አልነበረም። የአስመራው ክበብ አባላት በዋናነት የመጡት ከውጭ ነበር። የአገልግሎት ዘመናቸው ሲያበቃ ሄዱ፤ መሣሪያቸውም፣ ዕውቀታቸውም፣ የጥሪ ምልክታቸውም አብሯቸው ሄደ። ለጣቢያው እንግዳ ያልነበረው ከፍታና ሰማይ ብቻ ቀረ። ፊት ያነሳነው የናይሮቢው ክበብ ከዚህ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እርሱም ከውጭ በመጡ ሰዎች የተጀመረ ቢሆንም፣ የአንድ የጦር ሰፈር አካል ስላልነበረ ከአስተዳደሩ ለውጥ ጋር ስሙንና የጥሪ ፊደሉን ለውጦ በአገሩ ሕግ ሥር ሊቀጥል ቻለ። በጅቡቲም እንዲሁ በ1977 ነፃነት ሲመጣ የፈረንሳዩ «ኤፍኤል8» በ«ጄ28» ተተካ፤ ከዚያ በኋላም የአገሪቱ አማተሮች ማኅበር በዓለም አቀፉ ኅብረት ውስጥ ቦታውን ይዟል።

የአምስት ኪሎው ክፍል

ከ1991 በኋላ በኢትዮጵያ የአማተር ፈቃድ በሂደት ዳግም መሰጠት ጀመረ። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበርም የዓለም አቀፉ ኅብረት አባል ሆነ። የክበቡ ጣቢያ «ኢቲ3ኤኤ» በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ተተከለ። ይህ የቦታ ምርጫ ከላይ ላየነው ችግር የተሰጠ መልስ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም። በጣቢያው የሚቀመጠው አንድ ዲፕሎማት ወይም አንድ የዕርዳታ ሠራተኛ ሳይሆን የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሆነ። ተማሪው በመማሪያ መጽሐፍ ያነበበውን የአንቴና ቀመር ጣራ ላይ ወጥቶ በእጁ ያስረዋል፤ ትክክል መሥራቱንም የሚነግረው ከጃፓን ወይም ከብራዚል የሚመለስለት ድምፅ ነው።

ክበቡ የሚሰበሰብባቸው አጋጣሚዎችም ከዓለም ጋር የተያያዙ ናቸው። ከሁሉ የሚልቀው በየዓመቱ በጥቅምትና በኅዳር መጨረሻ የሚደረገው የ48 ሰዓት ዓለም አቀፍ ውድድር ነው። በጥቅምቱ በድምፅ፣ በኅዳሩ በሞርስ ቁልፍ ይነጋገራሉ። ከኢትዮጵያ የሚወጣ ጥሪ ብርቅ በመሆኑ አንድ ጊዜ «ሲኪው» ሲባል በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎች በአንድነት ይመልሳሉ። ከዚያ ጫጫታ ውስጥ አንዱን ለይቶ መስማት፣ መመዝገብ፣ ወደ ሚቀጥለው ማለፍ ትዕግሥትና ልምድ ይጠይቃል። አባላቱ ሌሊቱን ተራ ገብተው ይሠራሉ፤ አንዱ ሲያዳምጥ ሌላው ይጽፋል፣ ሦስተኛው መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩን ይጠብቃል።

ለወጣቶች የተለዩ ስብሰባዎችም አሉ። በ1957 በብሪታንያ ከተደረገው የዓለም ስካውቶች ጃምቦሪ በመነጨ ሐሳብ፣ ከ1958 ጀምሮ ስካውቶች በየዓመቱ በሬዲዮ ይገናኛሉ፤ ጊዜውም በጥቅምት ወር ሦስተኛው የሳምንት መጨረሻ ነው። በታኅሣሥ ወርም የየአገሩ ወጣቶች «ዮታ» በሚል ቃል የሚያልቅ የጥሪ ምልክት ይዘው ይወጣሉ፤ ኢትዮጵያም «ኢቲ3ዮታ» በሚለው ተሰምታለች። በ2011 ደግሞ የአንደኛው ክልል ጠቅላላ ጉባኤ በደቡብ አፍሪካ ሰን ሲቲ ከተማ ተካሄደ። በፓሪስ የተመሠረተው ድርጅት ከስድሳ ዓመት በኋላ ጉባኤውን በአፍሪካ ምድር ማድረጉ በራሱ ትርጉም ነበረው።

ጥቅሙ ምንድን ነው?

ሁሉም ሰው ተንቀሳቃሽ ስልክ በያዘበት ዘመን ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን በሕንድ ውቅያኖስ የሆነው ያስረዳል። በታኅሣሥ 2004 የሕንድ አማተሮች ቡድን፣ ለብዙ ዓመታት ፈቃድ ሲከለከልበት ከነበረው ከአንዳማን ደሴቶች ጥሪ ለማሰማት ወደ ፖርት ብሌር ሄዶ ነበር። ጉዞው የትርፍ ጊዜ ደስታ እንጂ ሌላ ዓላማ አልነበረውም። ታኅሣሥ 26 ቀን ምድር ተናወጠች፣ ባሕሩም ተነሣ። ስልኩና መብራቱ ሲቋረጥ የአማተሮቹ መሣሪያ የደሴቶቹና የዋናው ምድር መገናኛ ሆነ፤ የመንግሥትን መልእክትና የቤተሰብን ወሬ ቀንና ሌሊት አስተላለፉ። ያው ማዕበል በዚያው ቀን ውቅያኖሱን አቋርጦ የሶማሊያን ጠረፍ፣ በተለይም ሐፉንን መትቶ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ገደለ። በሶማሊያ ማዕከላዊው መንግሥት በ1991 ከፈረሰ ወዲህ ፈቃድ የሚሰጥም፣ የሚያስተምርም ተቋም በወጉ ሊቆም አልቻለም ነበር። በመከራ ቀን የሚያገለግል ሰው የሚገኘው በደኅናው ቀን የተማረ ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

በሙያ ረገድም በር የሚከፍት ነገር ተጨምሯል። ኅዳር 15 ቀን 2018 የመጠቀችው የኳታር ሳተላይት «ኢስ ሃይል 2» ለአማተሮች የተለየ መሣሪያ ይዛለች። ከምድር ጋር እኩል እየዞረች በአንድ ቦታ የቆመች ሆና ለአማተሮች ያገለገለች የመጀመሪያዋ ናት። የቆመችው በ26ኛው ዲግሪ ምሥራቅ አቅራቢያ በመሆኑ መላው አፍሪካ በእይታዋ ሥር ነው። ከአዲስ አበባ ሲታይ ከአድማስ 70 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ፣ ከራስ በላይ ልትሆን ጥቂት ቀርቷት ትገኛለች። የፀሐይ ነቁጥ በዛም አነሰ፣ በአነስተኛ የቴሌቪዥን ሰሐን ከናይሮቢ አዲስ አበባ፣ ከጅቡቲ ካምፓላ በማንኛውም ሰዓት መነጋገር ይቻላል። የጎደለው ሰማይ ሳይሆን በሁለቱም ጫፍ የሚቀመጠው ባለፈቃድ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በአካባቢያችን ጥሩ መሣሪያ መጥቶ ያውቃል፤ ጥሩ ባለሙያም መጥቶ ያውቃል፤ ሁለቱም ሄደዋል። የቆየው የክበብነት ሥርዓት ባለበት ስፍራ ነው። እንደ ዕድር ድንኳንና ወንበር፣ የክበብ መሣሪያ የማንም የግል ንብረት አይደለም። አባል ቢሄድ፣ ቢያረጅ ወይም ቢሞት ዕቃው ለተተኪው ይተርፋል፤ ከዕቃውም በላይ አያያዙን የሚያውቅ ሰው ይተርፋል። ስለዚህ የአንድን ክበብ ጥንካሬ ለማወቅ የአንቴናውን ርዝመት መለካት አይበቃም፤ ባለፈው ዓመት ስንት አዲስ ተፈታኝ አቀረበ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መንግሥታትም በበኩላቸው የሚጠበቅባቸው ብዙ አይደለም። ፈተናው በታወቀ ጊዜ ይሰጥ፤ ፈቃዱ በአግባቡ ይታደስ፤ ለክበብ በስጦታ የመጣ ሬዲዮ እንደ ንግድ ዕቃ አይቆጠር። በግልጽ የሚናገር ዜጋ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ዓለም በመዝገቡ ላይ ድንበራችን የተለወጠበትን ቀን ሁሉ አስፍሮ ይዟል፤ ከድንበሩ በዚህም በዚያም ያሉ ወጣቶች እርስ በርስ «73» የሚባባሉበትን ቀን ግን የሚያስመዘግቡት ራሳቸው ክበቦቻቸው ናቸው።